ሁለት ደባል፣ አንድ ጓዳ

«አንተ፣ ላፕቶፕህ ላይ ሁለት ሲስተም ጭነሃል አሉ?»

«ጭኛለሁ።»

«አንዱን ለማስነሳት ጠዋት ጠዋት የምትለማመጥ ሰውዬ፣ ሁለተኛው ምን ሊሆንህ ነው? ተራ በተራ እንዲያኮርፉህ?»

«አንተስ ሁለት ሲም ካርድ ይዘህ በሁለቱም ‹መልሰህ ደውልልኝ› አይደል የምትልከው?»

ቦታው የቢሯችን የቡና ጥግ ነው። እሱ ሒሳብ ክፍል ነው፣ እኔ ጽሑፍ አራሚ። ሰላምታችን ተረብ ነው፤ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ደህና አደርክ ወይ?» ቢለኝ ያመመው መስሎኝ ግንባሩን ዳስሼዋለሁ። የሰሞኑ ርእሳችን የእኔ ላፕቶፕ ነው። በአንድ በኩል ዊንዶውስ አለው፣ በሌላ በኩል ኡቡንቱ ሊኑክስ። ይህን የሰማ ቀን ሲኒውን እንደያዘ ነው ጠረጴዛዬ ድረስ የመጣው።

«ቆይ፣ አንዱ አልበቃህም?»

«የባለቤቴን ሱቅ ሒሳብ የምሠራበት ፒችትሪ ከዊንዶውስ ውጭ አልኖርም አለ። እኔ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር ብቻዬን አልኖርም አልኩ።»

«ሊኑክሱስ ምን አደረገልህ?»

«ነጻ ነው። ክራክ ፍለጋ ፍላሽ አንጠልጥዬ ያንተን በር አላንኳኳም። ደግሞ ያንተ ኮምፒውተር ከመንቀራፈፉ የተነሳ አቦል ላይ ከፍተኸው በረካ ላይ ነው የሚነሳው።»

«ታዲያ ሦስቱንም ዙር የምጠጣው ለምን መሰለህ?»

ነገሩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ ግራብ የሚባል ዘበኛ በር ላይ ቆሞ «ወደ ማን ነው?» ይላል። አሥር ሰከንድ ያህል ይታገስና መልስ ካጣ ራሱ መርጦ ያስገባል። ሁለቱ ሲስተሞች አብረው አይነሱም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው የለም። አንዱ የቀን፣ ሌላው የሌሊት ፈረቃ ሆነው አንድ አልጋ የተከራዩ ደባሎች በሏቸው። አልጋው ላይ አይጣሉም፤ መቼ ተገናኝተው! የሚያጣላቸው ዕቃ ነው። ቀን በዊንዶውስ የጻፍኩትን ማታ በሊኑክስ ልቀጥል ስል፣ ማታ በሊኑክስ ያወረድኩትን ቀን በዊንዶውስ ልክፈት ስል፣ ጠቡ እዚያ ላይ ይነሳል።

«ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ?»

«ያንተ ወገን።»

ይህን ያልኩት ለተረብ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ዕቃውን የሚደረድርበት ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ ይባላል፤ በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ነው። የሊኑክስ ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከውጭ እያዩ ደርሰውበት፣ በ2007 ማንበብም መጻፍም የሚችል ኤንቲኤፍኤስ-ስሪጂ የተባለ መሣሪያ አደረሱ። በ2021 ደግሞ ፓራጎን የተባለ ኩባንያ የሠራው ሌላ መሣሪያ ሊኑክስ እምብርት ውስጥ፣ ከርነሉ ውስጥ ገባ። ሊኑክስ የራሱን ዕቃ የሚደረድርበት ኤክስት 4 በበኩሉ ከ2008 ጀምሮ ኮዱ ለማንም ተገልጦ የተቀመጠ ነው። ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ በራሱ አያነበውም።

እሺ፣ አያንብበው። ሰው ሁሉ የሰውን ቋንቋ ይወቅ አይባልም። ነገር ግን ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ የሊኑክሱን ክፍል እንዴት እንደሚያሳያችሁ እዩልኝ። ስም የለውም፣ ዓይነት የለውም። ነጻ ቦታ በሚለው ዓምድ ሥር ግን 100 በመቶ ይላል።

«ሰው ልጅ ወልዶ የሚኖርበትን ግቢ ካርታ ላይ ‹ክፍት መሬት› ብሎ ያሰፈረ ነገ ለሊዝ ጨረታ ያወጣዋል» አልኩት።

«አላውቀውም አለ እንጂ መች ሰደበህ?»

«ሰድቦኝም ያውቃል።» የማይክሮሶፍት አለቃ የነበሩት ስቲቭ ባልመር በ2001 ሊኑክስን ከካንሰር ጋር ማመሳሰላቸውን ነገርኩት። በ2014 ደግሞ ተተኪያቸው ሳትያ ናዴላ ማይክሮሶፍት ሊኑክስን ይወዳል ብለው አወጁ።

«ይኸው ታረቁ! አንተ ነህ ቂመኛው።»

መታረቁስ ታርቀዋል። ዊንዶውስ 11 ውስጥ ደብልዩኤስኤል የሚባል የሊኑክስ እልፍኝ አለ፤ በእሱ በኩል ኤክስት 4 ያለበትን ሌላ ዲስክ ሰክቶ ማንበብ ይቻላል። ዊንዶውሱ ራሱ የሚነሳበት ዲስክ ላይ ያለውን የሊኑክስ ክፍል ግን በዚህ መንገድ መክፈት አይቻልም። አሜሪካ ያለ ዘመዱን በየቀኑ በቪዲዮ እየጠየቀ፣ ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው አታውቁም? እኔ አንድ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልግባ።

አንድ ዓርብ ዊንዶውስ ላይ ስጽፍ የዋልኩትን ዲ ድራይቭ ላይ አስቀምጬ ሻት ዳውን አልኩት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ማራገቢያው ጸጥ አለ። ክዳኑን ከድኜ ወደ ቤት። ራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው፣ በኡቡንቱ አስነሥቼ ጽሑፉን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አረምኩት። ላስቀምጥ ስል «ሪድ ኦንሊ» ብሎ ፊት ነሳኝ። አይቶ መሄድ ነው እንጂ መንካት የለም፤ የገዛ ጽሑፌ የሙዚየም ዕቃ ሆነብኝ። እርማቱን ሌላ ቦታ አስቀምጬ አደርኩና ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ልጅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱን ዘግተውት ነበር?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«አልዘጉትም።»

«ልጄ፣ በዚህ ጣቴ ነው የዘጋሁት።»

«አስተኝተውታል ጋሼ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ሲሉት ያሸልባል እንጂ አይዘጋም።»

እውነቱን ነው። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩን ስትዘጉት የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች በእርግጥ ይዘጋል። የራሱን አንጎል ግን አይዘጋም፤ በዚያች ደቂቃ የሚያስበውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ገልብጦ ይተኛል። በማግስቱ ስታበሩት ከባዶ አይነሳም፣ የተገለበጠውን መልሶ ያነባል። «ዊንዶውስ እንዴት ፈጠነ!» ያልነው ለካ ልብሱን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው ሆኖ ነው።

በዚህ መሃል ሊኑክስ ይመጣል። ዲ ድራይቭን ሲያይ ባለቤቱ በትክክል ሳይወጣ የተኛበት ቤት መሆኑ ይገባዋል። እንደ እኔ ችኩል ቢሆን ገብቶ ዕቃ ያዘዋውር ነበር። ቢያዘዋውር ምን ይሆናል? ዊንዶውስ ሲነቃ የያዘው የትናንቱን ካርታ ነው። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ሰው ቁም ሣጥኑን በር ላይ ቢያቆመው፣ ሌሊት በጨለማ ስትነሱ በግንባራችሁ ነው የምታገኙት። ዊንዶውስ ደግሞ ግንባሩን ሲመታ አያብጥም፤ ዕቃው በነበረበት መስሎት ፋይል ላይ ፋይል ይጽፋል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ለዚህ ነው ሊኑክስ «አያለሁ እንጂ አልነካም» ያለኝ። እኔ የሰደብኩት ጨዋው ደባል ነበር።

«እሺ፣ በእውነት የሚዘጋው ምን ሲሉት ነው?» አልኩት ልጁን።

«ሪስታርት ሲሉት።»

ልብ በሉልኝ። ዝጋ ሲሉት ይተኛል፤ ተነሳ ሲሉት ይዘጋል። ሰኞ ይህን ለሒሳብ ክፍሉ ባወራው ሳቅ እንኳ አላለም፤ «እንዲህ ያለ ሠራተኛ እኛም ቤት አለ፤ ደሞዙ ካንተ ይበልጣል» ብሎኝ ቡናውን ቀጠለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የማጥፊያው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለው ገጽ። እዚያ ፋስት ስታርትአፕ የሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማንሳት ነው። ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ከላይ ያለውን «አሁን የማይገኙ ቅንብሮችን ለውጥ» የሚል ትርጉም ያለውን መስመር አስቀድሞ መጫን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ይዘግይ! ሦስት ዙር ቡና በሚጠጣበት አገር የጥቂት ሰከንድ ጥድፊያ ለማን ነው?

ደባሎቹ እንዳይጣሉ የየግላቸውን ክፍል ቆልፈው፣ ለጋራው ሌላ ክፍል ማበጀት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በግ የሚታረደው፣ ሰርግና ለቅሶ የሚደረገው ኮሚናል ነው እንጂ የሰው ሳሎን አይደለም። ዲስኩም እንዲሁ። አንድ ፓርቲሽን ለዊንዶውስ፣ አንድ ለሊኑክስ፣ አንድ ለጋራ። ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ዘፈን፣ ፊልም ሁሉ የጋራው ውስጥ። ከሊኑክስ በኩል ሲ ድራይቭን መዳፈር ክልክል፤ የሰው ሳሎን ነው። ፕሮግራምና የመሳሰለውን ደግሞ ወደ ጋራው አታምጡ፤ የሊኑክስ የፈቃድ ሥርዓት፣ ማን ያንብብ ማን ይጻፍ የሚለው፣ እዚያ በወጉ አይያዝም።

«ኮሚናሉ በምን ይሠራ?» አለኝ። ይኼኛው እንኳ ለተረብ ሳይሆን የምር ጥያቄ ነበር፤ ስለዚህ አዘንኩለትና የምር መለስኩ። ማለቴ፣ መጀመሪያ ላይ።

ፋት 32 አለ። በ1996 የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ዊንዶውሱም ሊኑክሱም ቴሌቪዥኑም የመኪናው ሬዲዮም። ችግሩ ጉሮሮው ላይ ነው፤ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት ሲቀረው እዚያ ላይ ያበቃል። ሒሳብ ክፍሉ ይህን የተማረው በእህቱ ሰርግ ነው። ቪዲዮ አንሺው 6 ጊጋ የሚሆን ፊልም ሊሰጠው፣ እሱ አዲስ የ32 ጊጋ ፍላሽ ይዞ ሄደ።

«ባዶ ፍላሽ ‹ፋይሉ ትልቅ ነው› አለኝ እኮ! ቦታ እያለው!»

«ቦታው ሞልቷል፤ በሩ ነው የጠበበው። ስሙ ፋት፣ ጉሮሮው የወፍ።»

«አንተን ገልብጦ የሰየመ ነው። አንተ ስምህ ቀጭኔ፣ ጉሮሮህ በሬ አያንቀውም።»

ይህቺን አልመለስኩለትም። ሰርግ ላይ ምን ያህል እንደበላሁ ምስክር አለው።

ቀጥሎ ኤክስ-ፋት አለ። በ2006 የወጣ ነው፤ የ4 ጊጋው ጣጣ የለበትም። ማይክሮሶፍት አሠራሩን በይፋ የገለጠው ግን በ2019 ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ሊኑክስ 5.4 ተቀበለው። 13 ዓመት ሙሉ ጓዳ ተቆልፎ ሲኖር ሊኑክሶች በጓሮ በኩል፣ በተጨማሪ መሣሪያ፣ እንደምንም ሲከፍቱት ኖረዋል። አሁን በሁለቱም በኩል በሩ ክፍት ነው። ለፍላሽና ለውጭ ሃርድ ዲስክ ከእሱ የተሻለ አልመክርም።

ለላፕቶፑ ውስጠኛ ዲስክ ግን ምርጫዬ ኤንቲኤፍኤስ ነው። ምክንያቱ መብራት ኃይልን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ኤንቲኤፍኤስ ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ምን ሊሠራ እንደሆነ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ መሃል ላይ መብራት ድርግም ቢል ሲነሳ መዝገቡን አይቶ የጀመረውን ያቃናል። ኤክስ-ፋት እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። መብራት በገዛ ፈቃዱ በሚመጣበትና በሚሄድበት ሰፈር፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ መዝገብ የማይዝ ጸሐፊ አልቀጥርም። ኤንቲኤፍኤሱ የታመመ ቀን ግን ማሳከሚያው ዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ ቼክ ዲስክ የሚባለው። ሊኑክስ በኩል ያለው የመጀመሪያ ርዳታ ነው እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ይኸው፣ ለዊንዶውስም ውለታ አለብኝ ማለት ነው።

«ጻፍልኝ!» አለ ሒሳብ ክፍሉ። «ቀኑንም ጻፍበት።»

ቀኑን ከጠራ ዘንድ ስለ ሰዓት ላውራ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከኡቡንቱ ወጥቼ በዊንዶውስ ስነሳ ሰውየው ከትከሻዬ ላይ ሆኖ የስክሪኑን ጥግ ያያል።

«ስንት ይላል ያንተ ጉድ?»

«12።»

«የእኔ እጅ ላይ 9 ነው።»

«በፈረንጅ 3።»

«አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዓት! አንተ ሰውዬ ደሞዝህን በየትኛው ነው የምትቆጥረው?»

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ በትንሽ ባትሪ የምትሠራ አንዲት ሰዓት አለች፤ ሁለቱ ደባሎች የሚካፈሏት። ሊኑክስ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይሞላባታል። ዊንዶውስ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነባል። እኛ ከዓለም አቀፉ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ ዊንዶውስ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ኋላ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት አይቶ ሲያስተካክላት ደግሞ ሊኑክሱ ሦስት ሰዓት ወደ ፊት ይፈተለካል። በነገራችን ላይ ዊንዶውስ የሰዓት ክልላችንን ዝርዝሩ ውስጥ «ናይሮቢ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሊኑክስ «አዲስ አበባ» ይላል። ይህን ለፍርድ ሳይሆን ለማስታወስ ያህል ነው።

ይህ ከፋይል ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ጽሑፌን 8 ሰዓት ላይ በሊኑክስ አርሜ አስቀመጥኩ። 9 ሰዓት ላይ ሌላኛውን ቅጂ በዊንዶውስ አሻሻልኩ። የዊንዶውሱ ማኅተም ግን 6 ሰዓት ይላል። ሁለቱን ቅጂዎች አስተያይቶ አዲሱን የሚያስቀር ፕሮግራም ሲመጣ አዲሱን አሮጌ ብሎ ይጥለዋል። እኔን አንዴ ሁለት ገጽ አስበልቶኛል። መላው፣ ሊኑክሱን «አንተም እንደ እሱ የአገሩን ሰዓት ያዝ» የምታሰኝ አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ሰፈራችሁ ያለው ልጅ በግማሽ ደቂቃ ይጽፍላችኋል። አሁንም የተሸነፈው ሊኑክስ መሆኑን አስተውሉ። ቋንቋ የሚያውቀው ነው ሁልጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚለፋው።

ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። ሊኑክስ ልጅህን ምንም ብትለው አይከፋውም፤ ፋይሉን «የመጨረሻ?» ብዬ በጥያቄ ምልክት ብሰይመው ይቀበላል። ዊንዶውስ የጥያቄ ምልክት፣ የፈረንጅ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥቅስ ምልክት በስም ውስጥ አያሳልፍም። በኤንቲኤፍኤሱ ክፍል ላይ ሊኑክስ እንዲህ ያለ ስም ያወጣለትን ፋይል ዊንዶውስ ዝርዝሩ ውስጥ እያየው መክፈት ያቅተዋል። የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) እና አራት ነጥብ (።) ግን ሁለቱም ያሳልፋሉ። ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊኑክስ ሁለት ይላቸዋል፣ ዊንዶውስ አንድ፤ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እኛን አያገባንም ብለን ደስ ልንል ስንል ጸሐፊያችን መጣች።

«የሠራተኛ ዝርዝሩ ጠፋ! ዊንዶውስ ላይ ፈለግሁት የለም፤ ያንተ ሊኑክስ ላይም ፈለግሁት የለም።»

«በየትኛው ‹ሠ› ፈለግሽው?»

«በንጉሡ።»

«ያስቀመጥሽውስ?»

ዝም አለች። በእሳቱ ነበር። ኮምፒውተሮቹ «ሰራተኛ» እና «ሠራተኛ» ሁለት ሰው ናቸው ብለው ያምናሉ፤ ጸሐይ በጸሎቱና ፀሐይ በፀሐዩ ሁለት ፀሐይ ናቸው። ከአንድ ወር ጠብ በኋላ ሁለቱ ደባሎች የተስማሙበት ብቸኛው ጉዳይ ይህ ነው፤ የእኛን ፊደል አለማወቅ። በጋራ ክፍላችሁ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ እሱን ያዙ።

ፊደልን ካነሳን፣ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት የእርማት ሰነዶቼ ወደ ኡቡንቱ በሰላም ተሻገሩ፤ ስከፍታቸው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ናቸው። ፋይሉ ተሻግሮ ፊደሉ ወዲያ ማዶ ቀረ። እነዚያ ጽሑፎች የተጻፉት የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዘዴ ነው፤ የራሳቸው ፎንት ከሌለ ማንም አያነባቸውም። ፎንቱን ሊኑክስ ውስጥ መጫን ለጊዜው ያስነብባል፤ ዘላቂው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ጀምሬዋለሁ። ገና «ሀ» ላይ ነኝ።

ቆሻሻቸውን እንኳ አንድ ቦታ አይደፉም። ከሊኑክስ በኩል የጋራው ክፍል ውስጥ ያለ ፋይል ስታጠፉ «ትራሽ 1000» የሚል ስም ያለው፣ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ፈጥሮ እዚያ ያጠራቅማል። ዊንዶውስ ይህን የራሱ ጥራጊ ነው ብሎ አይደፋውም። ሒሳብ ክፍሉ የእኔን ላፕቶፕ ተውሶ «40 ጊጋ የት ገባ?» ሲል ጥራጊው መሃል ነበር የተቀመጠው። አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ ደግሞ ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር አለ፤ ሁለተኛ ሲስተም ከመጫናችሁ በፊት ወረቀት ላይ ገልብጡት። ወረቀት ላይ! እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በር የዘጋ።

እስካሁን በተረብ ያሸነፍኩ መስሏችሁ ይሆናል። ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱ።

አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ነበረኝ። ሊኑክስ ላይ ብቻ ነው የምጠቀምበት ብዬ በኤክስት 4 አዘጋጅቼው፣ የሦስት ዓመት ጽሑፎቼንና የትልቋን ልጄን የልደት ቪዲዮዎች ሞልቼበታለሁ። አንድ ጠዋት በዊንዶውስ እንደተነሳሁ ዘንግቼ ሰካሁት። ዊንዶውስ ደንቡ ነው፤ የማያውቀውን ዲስክ ሲያይ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ላድርገው?» የምትል ትንሽ መስኮት ያወጣል። ስልክ እያወራሁ ነበር። በግራ ትከሻዬ ስልኩን ይዤ፣ በቀኝ እጄ እሺ አልኩ። ሌላ መስኮት መጣ፤ ስታርት አልኩ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ እሱንም እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አዎ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ዲስኩ ንጹሕ፣ ባዶና አዲስ ነበር።

የሰፈሩ ልጅ ሁለት ቀን ታገለለት። ከጽሑፎቹ ጥቂቱ፣ ከቪዲዮዎቹ አንዱ ተገኘ፤ እሱም ድምፅ የለውም።

ሒሳብ ክፍሉ ይህን ሲሰማ ቡናውን አስቀመጠ። እኔ ቀድሜ ጀመርኩ፤ «አየህ ያንተን ዊንዶውስ! የማያውቀውን ቤት ልፍረሰው የሚል!»

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እሱ አላወቀውም፣ ስላላወቀው ጠየቀህ። አንተ ግን አውቀኸው ነው ያፈረስከው።»

ለዚህ መልስ የለኝም። ዘንድሮ እንኳ የለኝም። እናንተ ግን ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሰክታችሁ ያቺ መስኮት ከወጣች፣ ስልኩን ዝጉ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አስታውሱ፣ «ካንስል» የሚለውን ተጫኑ።